አንጋፋ የሮክ ባንድ ፕሮዲውሰር ምን ያደርግለታል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምወዳቸው የሮክ ባንዶች አባላት ከሞላ ጎደል እነዚያው ናቸው። ጊታሩ ያው፣ ድምፃዊውም ያው። ፕሮዲውሰር ሲቀየር ግን አልበሙ የሌላ ባንድ ይመስላል። 30 እና 40 ዓመት ለተጫወተ ሰው ፕሮዲውሰር ምን ይሠራለታል? ደግሞ የሜታሊካን ‹ዴዝ ማግኔቲክ› ያበላሸው ፕሮዲውሰሩ ሪክ ሩቢን ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?»

ሁለተኛውን ጥያቄ ትንሽ ላቆየው። የመጀመሪያው ሳይመለስ እሱን መመለስ ከባድ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ቀረጻና ሚክሲንግ (የተቀረጹትን ድምፆች ማመጣጠንና ማዋሃድ) ነው የምሠራው። ፕሮዲውሰሮች አጠገብ ተቀምጬ ብዙ ሌሊት አንግቻለሁ። አብዛኛው አድማጭ ፕሮዲውሰር ሲባል የሚታየው ትልቅ ማሽን ፊት ተቀምጦ ቁልፍ የሚያሽከረክር ሰው ነው። ያ የኢንጂነሩ ሥራ ነው። ሁለቱንም የሚሠሩ አሉ። ሩቢን ግን የቴክኒክ ችሎታ እንደሌለው፣ ስለ ሙዚቃም ብዙ እንደማያውቅ በቴሌቪዥን ቀርቦ በግልጽ ተናግሯል። ታዲያ ምን አድርጎ ነው የሚከፈለው? የሚወደውንና የማይወደውን ስለሚያውቅ፣ ያንንም ሳይፈራ ስለሚናገር። ቀላል ነገር ይመስላል። ዓለም ያወቀው ጊታሪስት ፊት ቆሞ «ይሄ ሪፍ አልያዘኝም» (ሪፍ እየተደጋገመ የሚመጣ አጭር የጊታር ዜማ ነው) ማለት ግን ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል።

ወጣት ባንድን አስብ። ስቱዲዮ የሚገባው ለጥቂት ቀን ነው። ገንዘብ የለውም። ዘፈኖቹን ግን በየመድረኩ ሲጫወታቸው ከርሟል። የማይረባው ዘፈን ስቱዲዮ ሳይደርስ፣ ታዳሚው ፊቱን ሲያዞርበት እዚያው መድረክ ላይ ይሞታል። ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1969 ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ነው የቀረጹት። ገቡ፣ መድረክ ላይ እንደሚጫወቱት ተጫወቱ፣ ወጡ። ፕሮዲውሰር ነበራቸው፣ ሮጀር ቤይን ይባላል። ግን እውነቱን ለመናገር የአልበሙን ግማሽ ፕሮዲውስ ያደረገው ችግር ነው።

ያው ባንድ 40 ዓመት ሲሞላው ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ገንዘብ አለ። የራስ ስቱዲዮ አለ። ቀነ ገደብ የለም። አባላቱ የሚኖሩት በተለያየ ከተማ ነው፤ ጊታሩ በኢንተርኔት ይላካል፣ ከበሮው በኋላ ይገባበታል። መድረክ ላይ ታዳሚው የሚጠብቀው የድሮውን ዘፈን ስለሆነ አዲሱን የሚፈትንበት ቦታ የለም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ «ይሄ አይሆንም» የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። ማናጀሩ ደመወዝተኛ ነው። ኢንጂነሩም ደመወዝተኛ ነው። አባላቱ ራሳቸው ላለመጣላት ሲሉ ብዙ ነገር በሆዳቸው ይዘው ይቀራሉ። አንዱ በአንዱ ዘፈን ላይ አፉን የማይከፍተው ነገ የሱም ተራ ስለሚመጣ ነው።

እንግዲህ ፕሮዲውሰሩ የሚገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ወጣትነትና ድህነት በነፃ ይሰጡት የነበረውን ጫና ሆን ብሎ መልሶ ማምጣት ነው ሥራው። አንዱ ባንድ የሚጎድለው «አይሆንም» የሚለው ሰው ነው፣ ሌላው የሚጎድለው ቀነ ገደብ ነው፣ ሌላው ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ መጫወት ነው። ጎበዝ ፕሮዲውሰር የጎደለው የቱ እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል። ያልጎደለውን ሊሞላ የሚሞክር ደግሞ አልበሙን ያበላሻል።

«አይሆንም» ከማለት ልጀምር። ለዚህ የማውቀው ምርጥ ምሳሌ ባንድ አይደለም፣ ፖል ማካርትኒ ነው። በ2005 የወጣውን «ኬኦስ ኤንድ ክሪኤሽን ኢን ዘ ባክያርድ» ሊሠራ ሲነሳ የሬዲዮሄድ ፕሮዲውሰር የነበረውን ናይጄል ጎድሪችን አማከረ። የጠቆመው የቢትልሱ ፕሮዲውሰር ጆርጅ ማርቲን ነው። ጎድሪች መጣና አብረውት ዓለምን የዞሩትን የማካርትኒን ባንድ «አልፈልግም» አለ። ራስህ ተጫወት አለው። ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ጊታሩን፣ ፒያኖውን። ያመጣቸውን ዘፈኖችም እያነሳ «ይሄ ደካማ ነው» ይለው ጀመር። ማካርትኒ ተናደደ። ሊያባርረው እንዳሰበም በኋላ ራሱ ተናግሯል። ግን አላባረረውም።

አልበሙን ስታዳምጠው ያ ንዴት የት እንደገባ ይሰማሃል። ማካርትኒ ዜማ መፍጠር በጣም ስለሚቀለው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሐሳብ ላይ ይቆማል። እዚህ ግን ቀላሉ መንገድ ተዘግቶበታል። ከበሮ ሲመታ እንደ ባለሙያ ከበሮ መቺ ሳይሆን ዘፈኑን እንደጻፈው ሰው ነው የሚመታው፤ በዛ ያለ ነገር የለም። ጎድሪች የዘፈን ግጥም አልጻፈም፣ ዜማ አልሠራም። በሮችን ብቻ ዘጋ። የተረፈው በር በእኔ ግምት ከማካርትኒ የኋለኛ ዘመን ሥራዎች ወደ ምርጡ የሚያስገባው ነበር።

ቀነ ገደቡ ደግሞ የሮሊንግ ስቶንስ ታሪክ ነው። «ኤ ቢገር ባንግ» የወጣው በ2005 ነው። ከዚያ በኋላ አዳዲስ የራሳቸው ዘፈኖች ያሉበት አልበም ለመስማት 18 ዓመት ጠበቅን። ሥራ አቁመው አይደለም፤ ስቱዲዮ ይገቡ ነበር፣ ይቀርጹ ነበር። የሚያልቅ ነገር ግን አልነበረም። በ2022 ድምፃዊው ሚክ ጃገር ጊታሪስቱን ኪት ሪቻርድስን ቀን እንቁረጥ አለው። እስከ ቫለንታይን ቀን 2023 ይለቅ ተባለ። ለዚህ የተጠራው አንድሩ ዋት ነው። የተወለደው በ1990 ነው፤ ስቶንስ ያኔ ወደ 30 ዓመት ተጠግተዋል። በየቀኑ የተለያየ የስቶንስ ቲሸርት ለብሶ ነበር ስቱዲዮ የሚመጣው።

ቲሸርቱን ያነሳሁት ለወሬ ማድመቂያ አይደለም። 80 ዓመት ሊሞላው የደረሰ ሙዚቀኛ ፊት የሚቆም ወጣት ሁለት ነገር ይዞ መምጣት አለበት፦ ፍቅርና ጉልበት። ፍቅሩ ካልታየ «ይሄ ልጅ ማነው?» ይባላል። ጉልበቱ ከሌለ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ተረት ሲወራ ቀኑ ይመሻል። ዋት ያደረገው ዋናው ነገር ፍጥነት ነው፤ ተጫወቱ፣ ያዝነው፣ ቀጥሉ። «ሃክኒ ዳይመንድስ» በጥቅምት 2023 ወጣ። ድምፁ ለእኔ ጆሮ ትንሽ ተወልውሏል። የጃገር ድምፅ አንዳንድ ቦታ ላይ እንከን ስለሌለው ብቻ የሱ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ግን አልበሙ አለ። 18 ዓመት ያልነበረ ነገር በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈጠረ።

ከሱ በፊት ደግሞ «ብሉ ኤንድ ሎንሰም» አለ። ይሄን ከሱ አብልጬ ነው የምወደው። በታኅሣሥ 2015 አዳዲስ ዘፈን ሊቀርጹ ለንደን የሚገኘው የማርክ ኖፕፍለር ስቱዲዮ ገቡ። ክፍሉ አልስማማቸው አለ፤ ድምፁ አልመጣም። እጃቸውን ለማሟሟቅ አንድ የድሮ የሊትል ዋልተር ብሉዝ ተጫወቱ። ክፍሉ ድንገት ነፍስ ዘራ። ፕሮዲውሰራቸው ዶን ዎዝ ነበር፤ ከ1994 ጀምሮ አብሯቸው የሠራ ሰው ነው። ሌላ ፕሮዲውሰር ቢሆን «ጥሩ፣ አሁን ወደ ሥራችን እንመለስ» ሊል ይችል ነበር። ዎዝ አላለም። ሌላ ብሉዝ፣ ከዚያ ሌላ። በ3 ቀን 12 ዘፈን ተቀረጸ። አንዳንዴ ፕሮዲውሰር የሚያደርገው ትልቁ ነገር ዕቅዱን መጣል ነው።

አሁን ወደ ራሴ ሰፈር፣ ወደ ከበሮው ልግባ። አልበም የሌላ ባንድ መሰለኝ ያልከው ስሜት ዘጠና ከመቶው የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ሮክ ከበሮ ላይ ነው የሚቆመው። ድሮ ቴፕ ላይ ሲቀረጽ አራቱም አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ይጫወታሉ። ከበሮ መቺው የሚከተለው ጊታሪስቱን ነው። አዝማቹ ሲደርስ ሁሉም ይሞቃቸዋል፤ ዘፈኑ ሳያስቡት ትንሽ ይፈጥናል። በደቂቃ 120 ምት የነበረው 123 ይገባል። አድማጩ ቁጥሩን አያውቅም፣ ግን ደረቱ ያውቃል። ዘፈኑ ከፍ ያለ ይመስለዋል።

አሁን ግን ከበሮ መቺው በጆሮው ክሊክ ይሰማል። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 120። ከዚያ ኢንጂነሩ ኮምፒውተሩ ላይ እያንዳንዱን ምት አጉልቶ ያያል። ስኔሩ (ድምፁ ሹል የሆነው ከበሮ) ከመስመሩ 12 ሚሊሰከንድ ዘግይቷል? ይጎትተዋል። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) 8 ሚሊሰከንድ ቀድሟል? ይገፋዋል። ይሄን ሥራ እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ ጊዜ የአንድ አንጋፋ ከበሮ መቺን ዘፈን ሙሉ ሌሊት ሳስተካክል አደርኩ። ጠዋት መጥቶ ሰማውና ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ማነው የመታው?» አለኝ። የምሩን ነበር። ያቺ 12 ሚሊሰከንድ መዘግየት ስህተት አልነበረችም። የሱ ፊርማ ነበረች። 30 ዓመት ሙሉ ስኔሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሲያሳርፍ ነው ሰው የወደደው። እኔ ፊርማውን ፍቄ በጥሩ የኮምፒውተር ጽሕፈት ተካሁለት። ወደ መጀመሪያው ቀረጻ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ አንጋፋ ከበሮ መቺ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቀን ማውዙን አልነካም።

ስለዚህ ፕሮዲውሰሩ በመጀመሪያው ቀን የሚወስነው ውሳኔ፣ አብራችሁ ተጫወቱ ወይስ ተራ በተራ፣ ከማንኛውም ማይክሮፎን ምርጫ ይበልጣል። አይረን ሜይደንን ተመልከት። ከ1981 እስከ 1992 አልበሞቻቸውን የሠራላቸው ማርቲን በርች ነው። እሱ ሥራ ሲያቆም ቤዚስቱ ስቲቭ ሃሪስ በራሱ ስቱዲዮ፣ ራሱ ከናይጄል ግሪን ጋር ሆኖ ፕሮዲውስ ማድረግ ያዘ። የ1995ቱና የ1998ቱ አልበሞች የተሠሩት እንዲያ ነው። መጥፎ ዘፈን አይደለም የነበራቸው። ድምፁ ግን ደረቅ ነው፣ ጠባብ ነው፤ ዘፈኖቹም የት መቆም እንዳለባቸው አያውቁም። የቤቱ ጌታ፣ ዘፈን ጸሐፊውና ዳኛው አንድ ሰው ሲሆን እንዲህ ነው የሚሆነው።

በ1999 ድምፃዊው ብሩስ ዲኪንሰንና ጊታሪስቱ ኤድሪያን ስሚዝ ተመለሱ። አዲስ ፕሮዲውሰርም መጣ፣ ኬቨን ሸርሊ። ፓሪስ ሄዱ፣ ስድስቱም ክፍሉ ውስጥ ቆመው አብረው ተጫወቱ። በ2000 «ብሬቭ ኒው ወርልድ» ወጣ። መመለሱ ብቻ አይደለም ያን አልበም ሕያው ያደረገው። ሦስት ጊታሪስት እርስ በርስ እየተያየ ሲጫወት ነው የምትሰማው። ከዚያ በኋላ ሸርሊ ጋር ሌላ አምስት አልበም ሠርተዋል፣ እስከ 2021ዱ «ሴንጁትሱ» ድረስ። በ2006 «ኤ ማተር ኦፍ ላይፍ ኤንድ ዴዝ»ን ሲሠሩ ደግሞ ሃሪስ ማስተሪንግ (ከሚክሲንግ በኋላ የሚመጣው የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) አይደረግ ብሎ ስቱዲዮ ውስጥ የሰሙትን እንዳለ አወጡት። እነዚህ የኋለኛ አልበሞች ረዘም ይላሉ። አንዳንዱ ዘፈን መግቢያው ቢቆረጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሸርሊ እዚያ ላይ ሃሪስን ብዙም የተከራከረው አይመስለኝም። ሰዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ግን ትሰማለህ።

ጁዳስ ፕሪስትም በ2018 «ፋየርፓወር»ን ሲሠሩ ሁለት ፕሮዲውሰር አንድ ላይ ጠሩ። አንዱ ቶም አሎም ነው፣ የ80ዎቹን አልበሞቻቸውን የሠራ ሽማግሌ። ሌላው አንዲ ስኒፕ ነው፣ ዘመናዊ የሜታል ድምፅ አሳምሮ የሚያውቅ። ሽማግሌው ስሜቱን ይጠብቃል፣ ወጣቱ ድምፁን። ባንዱንም ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ አስገብተው አጫወቱት። ዲፕ ፐርፕል ጋር ደግሞ ቦብ ኤዝሪን ነው ያንን ያደረገው። መጀመሪያ መድረክ ላይ አያቸው፤ ዘፈኑን ትተው እንደ ልባቸው ሲጫወቱ ያኔ ነው እነሱን የሚመስሉት አለ። በ2013 የወጣው «ናው ዋት?!» ዘፈኖቹ የሚረዝሙትና የሚንሸራሸሩት በዚህ ምክንያት ነው። ለሬዲዮ የሚሆን ባለ ሦስት ደቂቃ ዘፈን አልጠየቃቸውም።

ሪክ ሩቢን እንግዲህ። የሱ ዘዴ መስታወት ማሳየት ነው። አንጋፋ ባንድ ይመጣና «አዲስ ነገር መሞከር እንፈልጋለን» ይላል። እሱ የመጀመሪያ አልበማቸውን ያስከፍትላቸዋል። ብላክ ሳባዝን «13» የተባለውን አልበም ሊሠሩ ሲሰበሰቡ የ1970ውን የመጀመሪያ አልበማቸውን አስቀምጦ አስደመጣቸው። ሄቪ ሜታል የሚባል ነገር ገና እንዳልተፈጠረ አስቡ አላቸው። ይሄ በጣም ብልህ ንግግር ነው። ሄቪ ሜታልን የፈጠሩት እነሱ ናቸው፤ ግን 40 ዓመት ሲቆዩ የልጆቻቸውን ልጆች መኮረጅ ጀምረው ነበር። መጀመሪያ ሲጫወቱ ብሉዝ የሚጫወቱ ነበር የሚመስላቸው። ውዝዋዜው፣ ክፍተቱ፣ የቤዙ መንጎራደድ ከዚያ ነው የመጣው።

አልበሙ በ2013 ሲወጣ በአሜሪካም በእንግሊዝም አንደኛ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ግን የዘዴውም ጉድለት እዚያው ይሰማል። ከበሮ መቺው ቢል ዋርድ አልነበረም፤ ብራድ ዊልክ ነው የመታው። ጎበዝ ነው፣ ግን ያ እንደሚወድቅ ሰካራም የሚንገዳገደውና የማይወድቀው የዋርድ ምት በማዘዝ አይመጣም። መስታወቱ ፊት የቆመው ቤተሰብ አንድ ሰው ጎድሎት ነበር። አንዳንድ ዘፈንም የድሮውን ዘፈን ልብስ የለበሰ ይመስላል። ቤዚስቱ ጊዘር በትለር በሩቢን አሠራር ብዙም እንዳልተደሰተ በኋላ ተናግሯል።

ኤሲ/ዲሲም ከሩቢን ጋር በ1995 «ቦልብሬከር»ን ሠርተዋል። ሩቢን ከልጅነቱ ጀምሮ ይወዳቸው ነበር። ኒው ዮርክ ጀመሩ፣ የከበሮው ድምፅ አልጥም አለ፣ ሎስ አንጀለስ ሄዱ። ጊታሪስቱ ማልኮም ያንግ በኋላ ስህተት ነበር ብሎታል። ለምን? ኤሲ/ዲሲ መስታወት የማያስፈልጋቸው ብቸኛ ባንድ ሳይሆኑ አይቀሩም። ማን እንደሆኑ አንድም ቀን ረስተው አያውቁም። የጎደላቸው ሌላ ነበር፣ ዜማ። በ2008 ብሬንደን ኦብራየን «ብላክ አይስ»ን ሲሠራ ያየው ይሄንን ነው። ድምፃዊው ብራያን ጆንሰን ዝም ብሎ ከመጮህ ይልቅ እንዲዘፍን ገፋፋው። በእኔ ጆሮ የዚያ ሰውዬ ጉሮሮ ለብዙ ዓመት እንዲህ ሰፍቶ አልተሰማም። ከዚያ በኋላ ኦብራየንን አለቀቁትም፤ በ2014 እና በ2020 የወጡትንም የሠራው እሱ ነው።

ዩቱም በ2006 ከሩቢን ጋር ለንደን የሚገኘው አቢ ሮድ ስቱዲዮ ገብተው ነበር። አልገጠመም። ሩቢን ዘፈኑ ተጽፎ አልቆ ይምጣ የሚል ሰው ነው። ዩቱ ደግሞ የሚጽፉት ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ አንድ የጊታር ድምፅ ይገኛል፣ ዘፈኑ ከድምፁ ይወለዳል። ሥራው ተትቶ ወደ ብራያን ኢኖና ዳንኤል ላንዋ ተመለሱ። ማንም አላጠፋም። ሐኪሙና በሽተኛው አልተገናኙም፣ አለቀ።

ስለ ድምፃዊ ጥቂት ልበል። ጊታር አያረጅም፣ ጉሮሮ ግን ያረጃል። 65 ዓመት የሞላው ድምፃዊ በ25 ዓመቱ የነካውን ከፍታ ሲፈልገው አያገኘውም። ደካማ ፕሮዲውሰር ያስጮኸውና በሶፍትዌር ያቃናዋል። ጎበዙ የዘፈኑን ኪይ በግማሽ ወይም በአንድ ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል። ጉሮሮው የሚከፈትበትን ሰዓት ያጠናል፤ ለአንዳንዱ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ ለአንዳንዱ ማታ። ሦስት ዙር ብቻ ይቀርጻል። አራተኛው ላይ ድካሙ ይሰማል። ከዚያ የሚመርጠው ንጹሑን ሳይሆን የሚታመነውን ነው። አንዳንዴ የተሰነጠቀችው ቃል ናት የምትታመነው።

አሁን «ዴዝ ማግኔቲክ»። መጀመሪያ ከሱ በፊት የነበረውን ላስታውስህ። በ1991 የሜታሊካን «ጥቁሩ አልበም» የሚባለውን የሠራው ቦብ ሮክ ነው። ያኔ እንግዳ ነበር፣ ከሜታሊካ ጋር ይጣላ ነበር፣ አንድ ላይ ተጫወቱ ብሎ ያስገድዳቸው ነበር። 2003 ሲደርስ ግን ቤተሰብ ሆኗል። ቤዚስቱ ጄሰን ኒውስቴድ በ2001 ስለለቀቀ በ2003ቱ አልበም በ«ሴንት አንገር» ላይ ቤዙን የተጫወተው ራሱ ሮክ ነው። ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክ የስኔሩን የታች ሽቦ አላልቶ እንደ በርሜል የሚጮህ ድምፅ ሲያወጣ፣ የጊታር ሶሎ አይኑር ሲባል፣ በርትቶ ያስቆመ አልነበረም። አልፈርድበትም። ባንዱ ሊፈርስ ጫፍ ላይ ነበር፤ የሮክ ሥራ ያኔ አልበም ከመሥራት ይልቅ ሰዎቹን አንድ ላይ ማቆየት ነበር። ያን አድርጓል።

ሩቢን ሲመጣ ያደረገው ትልቅ ነገር ነው። የድሮውን ራሳችሁን መምሰል ነውር አይደለም አላቸው። ለ15 ዓመት ከ80ዎቹ አልበሞቻቸው ሲሸሹ ነበር። ሶሎው ተመለሰ፣ ረጃጅሙ ዘፈን ተመለሰ። በጽሑፍ ደረጃ «ዴዝ ማግኔቲክ» የሩቢን ድል ነው።

ድምፁ ግን ተጎዳ። እንዴት እንደሆነ ላሳይህ። ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ መውጣት አይችልም። አልበሙ ከሌሎች ጮክ ብሎ እንዲሰማ ከተፈለገ ያለው አማራጭ ዝቅ ያለውን ወደ ላይ መግፋት ነው። በኮምፕሬሰርና በሊሚተር ይጨመቃል። መጠነኛ ከሆነ ጉልበት ይሰጣል። ከበዛ የከበሮው አናት ይቆረጣል። ስኔር ሲመታ መጀመሪያ የምትሰማው ያ የጅራፍ ጫፍ የመሰለ ድምፅ ጣሪያው ላይ ይጨፈለቅና «ጧ» የሚለው «ጸጸ» ይሆናል። ጥቂት ቆይቶ ጆሮ ይደክመዋል። ዘፈኑን ሳትጠላው ታጠፋዋለህ።

ነገሩ የታወቀው በቪዲዮ ጌም ነው። አልበሙ በመስከረም 2008 ሲወጣ ዘፈኖቹ «ጊታር ሂሮ» ላይም ወጡ። ለጌሙ የተላከው የመጨረሻው ጭመቃ ያልደረሰበት ቅጂ ነበር። ልጆቹ እየተጫወቱ ሳለ ከበሮው ከሲዲው ይልቅ ጌሙ ላይ ጥርት ብሎ ሲመታ ሰሙ። ማስተሪንጉን የሠራው ቴድ ጀንሰን ላይ ጩኸት ሆነ። እሱም ሥራው እጁ ሲደርስ ቀድሞውኑ ተጨምቆ ያለቀ እንደነበር ተናገረ። ስለዚህ ጭመቃው የገባው ሚክሲንጉ ላይ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የሩቢን ነው? ሚክሲንጉ ያለፈው በሱ ፊርማ ነው፣ ያን ያህል ኃላፊነት አለበት። ለድምፁ ጥራት ሳይሆን ለዘፈኑ የሚጨነቅ ፕሮዲውሰር ሲቀጠር የድምፁን በር የሚጠብቅ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ክፍተት ነበረ። ግን ብቻውን አይደለም። ሜታሊካ ጮክ ያለ እንዲሆን ፈልገዋል፤ ኡልሪክም ውጤቱን ወዶ ተከራክሮለታል። ዘመኑም የጩኸት ውድድር ዘመን ነበር። «አበላሸው» የሚለውን አልቀበልም። ዘፈኖቹን አዳናቸው፣ ድምፃቸውን ሲጨፈልቁት አላስቆመም።

ማስረጃውን በራስህ ጆሮ ማግኘት ትችላለህ። ግሬግ ፊድልማን «ዴዝ ማግኔቲክ»ን ከቀረጹትና ሚክስ ካደረጉት አንዱ ነው። በ2016 የወጣውን «ሃርድዋየርድ»ን ደግሞ ከድምፃዊው ጄምስ ሄትፊልድና ከኡልሪክ ጋር ፕሮዲውስ ያደረገው እሱ ነው። ሁለቱን የመክፈቻ ዘፈኖች ተከታትለህ ክፈታቸው። መጀመሪያ ግን የሁለተኛውን ድምፅ አስተካክለህ ከመጀመሪያው ጋር እኩል አድርገው፤ ካልሆነ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስልሃል። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አድርግ። ጊታሩን እርሳው፣ ዘፋኙንም እርሳው። ስኔሩን ብቻ ተከተል። ከተመታ በኋላ ክፍሉ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ትሰማዋለህ ወይስ ቀጣዩ ጊታር ወዲያው ይውጠዋል?

እንደዚያ አድርገህ ስትጨርስ ደግሞ ሜይደን ላይ ሞክረው፣ የ1998ቱንና የ2000ውን። እዚያ ከስኔሩ ይልቅ ጊታሮቹን ተከተል። አንዱ ሲያፈጥን ሌሎቹ ይከተሉት እንደሆነ።